ኩ

አቃቂ፣ ከአሮጌው ጣቢያ ማዶ፣ ሐዲዱን ሣር ከዋጠው፣
አባቴን፣ በጥር ጠራራ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ አንዳች ነገር መታው።
«ምች ነው» አሉ እትዬ ዝማም፣ ዳማከሴ አሽተው በመዳፍ፤
«የለም፣ ብርድ ነው የመታቸው» አለ ጉልላት ከአጥሩ ጫፍ።
ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ በችኮላ፣
«ስትሮክ» አለና ዞረ፣ ወደ ሌላ አልጋ፣ ወደ ሌላ።

ቀኝ እጁ ተኛ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌግራፍ የመታ፣
ሞጆን ካዋሽ፣ አዋሽን ከድሬ ያነጋገረ ጠዋት ማታ፣
ተኛ፣ እንደ ሰው ዕቃ።
አማርኛው ሄደ። ኦሮምኛው፣ የእናቱ አፍ፣ ሄደ።
ሙሴዎቹ ያስተማሩት ፈረንሳይኛም ተከትሎ ወረደ፣
ጣቢያ በጣቢያ፣ ፉርጎ በፉርጎ።
አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፣ ከሐዲድ የወጣች፤
«ኩ።»

እኔ የትርጉም ሰው ነኝ። ከወረዳው ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣
የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ውል አዞራለሁ፣ መቶ ሃምሳ ብር ገጹን።
ማኅተም አለኝ፣ ክብ፣ ሰማያዊ።
ከአልጋው ሥር መዝገበ ቃላቱን ሳብኩ፣ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ፣
ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ምስጥ የቀመሰው ጠርዝ።
አገኘኋት። አራት ዓምድ ይዛ ተቀምጣለች፤
አንድ የቆርቆሮ በር፣ ሃያ ተከራይ።
የመጀመሪያው ክፍል ቡጢ፣ ቀጥሎ ጥይት፣ ቀጥሎ ነፋስ፣
ወዲያ ደግሞ ጉንጭ ሙሉ መጠጥ፣ ወዲህ መጥረጊያ ወለል ሲዳስስ።
እንግሊዙ ለእያንዳንዱ ሌላ ስም፣ ሌላ ቁልፍ አበጅቷል፤
ፈረንሳዩ በአንዲቱ ቁልፍ ይገባል፣ ይወጣል።
እኛስ ብንሆን?
ፀሐይ ይመታል፣ ብርድ ይመታል፣ ደወል ይመታል፣ ልብ ይመታል፣
ገጣሚ ቤት ይመታል፤
ቤቱም አይፈርስ፣ ይጠብቃል።

እያደር ለመድኩት።
ጥግ እያየ «ኩ» ካለ፣ ስልክ ነው፤ ድሬ ላለች እኅቱ፣ ለድንቅነሽ።
ጉሮሮውን ነክቶ ካለ፣ ጉንጭ ውሃ፤ እሱስ ቢራ ነበር ያማረው፣ ትንሽ።
ትራሱን ገፍቶ ካለ፣ እጅ ስጠኝ፣ ቀና ልበል።
መስኮቱን ካለ፣ ያቺን ሐዲድ ባንድ አፍታ ልያት።
እናቴ ግን ሻሿን አስራ ብቅ ስትል፣ «ኩ» አላት።
ገለጥኩ። ሦስተኛው ዓምድ። መብረቅ ይላል፤ ፍቅር ሰውን ሲጥል ባንዴ።
«ምን አለ?» አለችኝ።
«ውሃ» አልኳት፣ እኔ ባለማኅተሙ።
«ውሃ የጠማው ሰው እንዲህ ያያል እንዴ?»

ጉልላት መጥቶ ቀለደ፤ «ጋሽ ኢዶሳ፣ ኩዴታ ነው የሚያስቡት?
ታንኩ ይቅርና መጀመሪያ፣ ከዚች ወንበር ይነሡበት!»
አባቴ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

አንድ ሌሊት፣ ከዓምዱ ግርጌ፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ ካነሰበት፣
አገኘሁት። «ስትሮክ» ይላል።
የብዕር ጭረት፣ የዋናተኛ ክንድ፣ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲመታ፣
ያው ነው፣ የሐኪሙ ቃል።
የመታው ነገር ሲሮጥ ስሙን ጥሎ ሄዷል፣ አባቴ አፍ ውስጥ፣
ሌባ አጥር ሲዘል አንድ እግር ጫማው እንደሚያመልጥ።
መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁ። እስኪነጋ አልተኛሁም።

መብራት የጠፋ ማታ ነው። የሠፈሩ ልጆች ሐዲዱ ሥር ይደበቃሉ።
አባቴ በጨለማው ውስጥ፣ ለማንም ሳይሆን፣
«ኩ» አለ።
ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣
«አልነጋም!»

ዝም አለ። ግራ እጁ የአልጋውን ብረት መታ፣
አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፤
እኔ የማላነበው ቋንቋ።
«ኩ... ኩ።»
«አልነጋም!»

ይህን ትርጉም አራቱም ዓምድ አያውቁትም።
በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጻፍኩት፣ በሻማ ብርሃን።

ሦስተኛውን አላለም።
ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዙሮ
ጠበቀ።